ፎቶግራፊስካ ኒው ዮርክ ለምን ተዘጋ? በአሮጌ ቤት የፎቶ ሙዚየም ለምታስቡ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የጥንት የመኳንንት ቤት ተከራይተን የፎቶግራፍ ሙዚየም ልናደርገው እያሰብን ነው። ታችኛው ክፍል ድንጋይ፣ ላይኛው ጭቃና እንጨት ነው፤ ዙሪያውን በረንዳ አለው። ኒው ዮርክ ውስጥ በቅርስ ሕንፃ የተከፈተው ፎቶግራፊስካ የተባለው የፎቶግራፍ ሙዚየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ ሲባል ሰማን። ገንዘብም ስምም ያለው ተቋም ካልቻለው እኛ እንዴት እንችለዋለን? ችግሩ ሕንፃው ነበር ወይስ ሌላ?»

ጤና ይስጥልኝ። ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ ለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው። ሕንፃው በራሱ ጥፋት የለበትም። ሕንፃው የተሠራለት ሥራና ተከራዩ ይዞት የገባው ሥራ ግን አልተገጣጠሙም፤ እንዲህ ያለ ክፍተት ሲኖር ደግሞ የሚሞላው ሁልጊዜ ከተከራዩ ኪስ ነው። እናንተም መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ፎቶግራፊስካ የነበረበት ቤት ማንሃተን ውስጥ ፓርክ አቬኑ ሳውዝ ከ22ኛው ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ይገኛል። ከ1892 እስከ 1894 (የእነዚህ ሙዚየሞችና ቤቶች ታሪክ ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሮበርት ጊብሰንና በኤድዋርድ ስቴንት ንድፍ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ተሠራ። መልኩ የቤልጂየምንና የሆላንድን የጥንት የነጋዴ ማኅበራት አዳራሾች ይከተላል፤ ከበሩ በላይ የካንተርበሪው አውግስጢኖስ በእንግሊዝ፣ ጳጳስ ሲበሪ ደግሞ በአሜሪካ ሲሰብኩ ተቀርጸዋል። ስድስት ፎቅ ነው። ከድንጋዩ ጀርባ የብረት አጽም ስላለው ሸክሙን የሚይዘው ብረቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት በድንጋይ ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ቦታ አብዛኛው መስኮት ሆኗል። በ1979 ከተማው በቅርስነት መዘገበው። ከ1963 ጀምሮ የፕሮቴስታንት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ፌዴሬሽን ይዞት ቆይቶ፣ በ2014 አንድ የሪል እስቴት ኩባንያ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አና ዴልቪ በሚል ስም ሀብታም መስላ ከተማውን ያታለለችው ሴት የጥበብ ክበብ አደርገዋለሁ ብላ ልትከራየው የሞከረችውም ይህንኑ ቤት ነው። ቤቱ ያየውን ሁሉ ይማርካል፤ ማማሩ ግን ለሥራ ተስማሚ መሆኑን አይናገርም።

ፎቶግራፊስካ በ2010 ስቶክሆልም ውስጥ ያንና ፔር ብሮማን በተባሉ ወንድማማቾች የተመሠረተ ተቋም ነው። የኒው ዮርኩን ታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ከፈተ። ሦስት ወር ሳይቆይ፣ መጋቢት 2020 ላይ፣ በወረርሽኙ ምክንያት የከተማው ሙዚየሞች ሁሉ ተዘጉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲከፈት የግዛቱ ደንብ የሚፈቅደው ከመደበኛው የሰው ብዛት 25 በመቶውን ብቻ ነበር። በ2021 ኒውሃውስ ከተባለ የአባላት የሥራ ቦታ አከራይ ድርጅት ጋር ተዋሐደ፤ ያ ድርጅት ራሱ በ2025 ተዘግቷል። ሙዚየሙ መስከረም 29 ቀን 2024 በሩን ዘጋ። የአሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ የቪቪያን ማየር ትልቅ ዐውደ ርእይ ያበቃውም በዚያው ቀን ነው። ሲዘጉ የሰጡት ምክንያት ሕንፃው ለዐውደ ርእይ ሥራቸው ገደብ እንደሆነባቸውና በከተማው ውስጥ ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ነበር። ይህን እንደ ሰበብ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የቤቱን አሠራር ስመለከት ምክንያቱን እቀበለዋለሁ።

እንዲህ እንይው። የስቶክሆልሙ ፎቶግራፊስካ ያለው በ1906 በፈርዲናንድ ቦበሪ ንድፍ በተሠራ የወደብ ጉምሩክ ቤት ውስጥ ነው። ጉምሩክ ቤት ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት ነው፤ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ዝርግና ጠንካራ ነው። የበርሊኑ ፎቶግራፊስካ ያለበት ታኸሌስ የተባለው ሕንፃ የተሠራው ለሱቅነት ነው፤ የሻንጋዩ መጋዘን ነበር። እነዚህ ሁሉ ዕቃ ለመሸከም የተሠሩ ቤቶች ናቸው። የኒው ዮርኩ ግን የጸሐፊዎች ቤት ነበር፤ በየፎቁ ጠረጴዛና ወረቀት፣ በየጠረጴዛው አጠገብ መስኮት። ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 4,200 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ሲሰሙት ብዙ ነው። ነገር ግን ምድር ቤቱን መግቢያውና ሱቁ ወሰዱት፣ ሁለተኛውን ፎቅ ምግብ ቤቱ፣ ላይኛውን ደግሞ ዝግጅትና ንግግር። ለፎቶ የቀሩት ሦስት ፎቆች ናቸው፤ ሦስቱም ጠባብና አንዱ ካንዱ በደረጃና በሊፍት የተለያዩ። አንድ ትልቅ ዐውደ ርእይ ባንድ ወለል ላይ ሳይቆራረጥ ማስኬድ አይቻልም። ጠባቂም ቢሆን በየፎቁ ለየብቻ መቅጠር ግድ ነው፤ ባንድ ሰፊ አዳራሽ ሁለት ሰው የሚያየውን እዚህ ስድስት ሰው ያየዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሳጥን ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ቤት የሚከራዩ ሰዎች በጣም የሚዘነጉት ይኸው ነው። ከነፍሬሙ 120 በ180 ሳንቲሜትር የሆነ የፎቶ ሥራ በመጓጓዣ ሳጥን ሲታሸግ ወደ 145 በ205 በ30 ይደርሳል። 630 ኪሎ የሚያነሣ የተለመደ የሰው ሊፍት ውስጡ 110 በ140 ሳንቲሜትር ነው። ሳጥኑን ብታቆሙት በበሩ በኩል ያልፍ ይሆናል፤ በጥልቀቱ ግን በአምስት ሳንቲሜትር ይጎድላል። ብታስተኙት ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ሊፍት ስትለኩ በሩን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱን ለኩ። በእናንተ ቤት ሊፍት አይኖርም፤ ያለው ደረጃ ነው። የምመክራችሁ ይህን ነው፦ አናጢ በቀጭን እንጨት 145 በ205 በ30 የሆነ ባዶ ማዕቀፍ ይሥራላችሁ፤ ሁለት ሰው ይዞት ከበር እስከ ላይኛው ክፍል ይውጣ። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ካልዞረ፣ የምታሳዩት ትልቁ ሥራ ስንት እንደሚሆን ቤቱ ራሱ ነገራችሁ ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጠውን ሕትመቱን በጥቅል አምጥታችሁ ላይ ቤት መክፈፍ ትችላላችሁ። በአክሪሊክ (መስታወት በሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ላይ የተለጠፈ ሕትመት ግን ስለማይጠቀለል በዚህ ዘዴ አይመጣም። ለትልልቅ ክፈፎች ከመስታወት ይልቅ አክሪሊክ ተጠቀሙ፤ ለ120 በ180 የሚሆን ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት ከ21 ኪሎ በላይ ሲመዝን አክሪሊኩ ከ10 ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

የወለሉ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። በአሜሪካ የንድፍ ደንብ የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር 245 ኪሎ ያህል ሸክም እንዲችል ይታሰባል፤ ሰው የሚሰበሰብበት ወለል ግን የዚህ እጥፍ፣ 490 ኪሎ ያህል። ጽሕፈት ቤትን ሙዚየም ማድረግ ማለት በወረቀት ላይ ወለሉን እጥፍ ሸክም ማስቻል ማለት ነው። በኒው ዮርክ 75 ሰውና ከዚያ በላይ የሚሰበሰብበት ክፍል ሁሉ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ መውጫ ደረጃ፣ የበር ስፋትና የእሳት መከላከያ ይዞ ይመጣል። እናንተ ቤት ላይ ደንቡ ሌላ ቢሆንም ስበቱ ያው ነው። ተነቃይ ግድግዳ እንሠራለን ካላችሁ ሒሳቡን አስሉ፦ በሁለቱም በኩል 12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶና ጂፕሰም የለበሰ ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስት ሜትር ከፍታና ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው 650 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ሰው ሳይገባ ገና። ይህ ክብደት የመቶ ዓመት የእንጨት ወለል ላይ ሲያርፍ ግድግዳው ከወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጋር ተሻግሮ መቆም አለበት፤ ከእነሱ ጋር ትይዩ ሆኖ በሁለት እንጨቶች መካከል ከቆመ ወለሉ ይጎብጣል። እንጨቶቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ሚስማሮቹ የተመቱበትን መሥመር አይታችሁ ታውቃላችሁ። በላይኛው ፎቅ ባንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚቆም መሐንዲስ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ በምርቃት ቀን ያንን ቁጥር ማስከበር የእናንተ ግዴታ ነው።

ወደ ኪራዩ እንምጣ። የፎቶግራፊስካ ውል ውስጥ የተጻፈውን አኃዝ ትቼ፣ ባለቤቱ ከከፈለው ዋጋ ተነሥቼ ላስላው። 50 ሚሊዮን ዶላር የገዛበትን ቤት በዓመት አምስት በመቶ ብቻ ያትርፍ ቢባል 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሲከፈት የነበረው የመግቢያ ዋጋ 28 ዶላር ነበር። 2.5 ሚሊዮኑን ለ28 ስናካፍል 89,000 ቲኬት ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይዘጉ በቀን 245 ሰው። ይህ ለጣሪያው ብቻ ነው፤ ደመወዝ፣ መድን፣ የሥራ ማጓጓዣ፣ መብራት፣ እድሳት ገና አልተነኩም። ፎቶግራፊስካ ትርፍ ለማግኘት የተቋቋመና ቋሚ ስብስብ የሌለው ስለነበር፣ ስብስብ አይቶ የሚሰጥ ባለጸጋም ሆነ ለሕዝብ ተቋም የሚውል ድጎማ ላይ የመደገፍ ዕድሉ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ምግብ ቤት፣ መጠጥ፣ የአዳራሽ ኪራይ ተጨመረ። እነዚህ ገቢ ያመጣሉ፤ ግን የሚቀመጡበትን ወለል ከፎቶ ላይ ነው የሚወስዱት። ወለሉ ሲያንስ ዐውደ ርእዩ ያንሳል፤ ዐውደ ርእዩ ሲያንስ 28 ዶላር የከፈለ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ይህ አዙሪት ወረርሽኝ ባይኖርም ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። ወረርሽኙ ያደረገው ነገር ቢኖር ተቋሙ ለመክሰር የሚችልበትን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መጠባበቂያ ቀድሞ መብላቱ ነው።

አሁን መስኮቶቹ። ፎቶ የሚፈልገው ግድግዳና ልኩ የታወቀ መብራት ነው፤ የሚሲዮኑ ቤት የሚሰጠው ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚጠጋ መስኮት ነው። መስኮቱ በቅርስነት ከተመዘገበው ፊት አካል ስለሆነ አይነካም። ያለው መፍትሔ ከውስጥ በኩል ሌላ ግድግዳ አቁሞ መሸፈን ነው። ይህን ስታደርጉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ሽፋኑን መስታወቱ ላይ አጣብቆ ጥቁር ቀለም መቀባት። ፀሐይ በመስታወት ገብታ ጥቁሩን ስትመታ በመካከል ያለው አየር ይግላል፤ የእርሳስ ማያያዣ ያለው የድሮ መስታወት ይላላል፣ ጠርዙ በፍሬም የተጠለለ መስታወትም ይሰነጠቃል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጤዛ ይይዝና እንጨቱን ያበሰብሳል። ሽፋኑ ከመስታወቱ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ወደ ውጭ የሚያየው ፊቱ ነጭ ይሁን፤ ከታችም ከላይም የአየር መተላለፊያ ይተውለት፤ አንዱ ሰሌዳ በየጊዜው ተከፍቶ መስኮቱ እንዲታይ በብሎን ይታሰር። ማንኛውም ብሎን ከእንጨት ፍሬሙ ወይም ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከወለሉና ከጣሪያው መካከል ተጨናንቆ ከሚቆም ማዕቀፍ ላይ ይግባ። ድንጋይ መበሳት የግድ ከሆነ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ፤ መገጣጠሚያ ይታደሳል፣ ድንጋይ ግን ከተፈነከተ አይመለስም።

ለብርሃን ልክ የሚሆነው መነሻ የዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን ምክር ነው። ብርሃን በጣም ለሚጎዳቸው ዕቃዎች 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ 15,000 ሉክስ-ሰዓት፣ ማለትም ሉክሱ በሰዓቱ ተባዝቶ፣ ይላል። አብዛኛው በተለመደው የኬሚካል ዘዴ የታተመ ባለቀለም ፎቶ እዚህ ውስጥ ይገባል። በአግባቡ ታጥቦ የታተመ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሻለ ይችላል፤ ከ100 እስከ 150 ሉክስ ይበቃዋል። በእንቁላል ነጭ የተዘጋጀው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕትመት ግን ከ50 አይለፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 15,000 ለ50 ሲካፈል 300 ሰዓት። በቀን ሰባት ሰዓት የሚከፍት ሙዚየም ይህን በ43 ቀን ይጨርሰዋል። ፎቶግራፊስካ ሲጀምር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነበር። በቀን 14 ሰዓት ማለት በ21 ቀን የዓመቱን ድርሻ መጨረስ ማለት ነው። ማታ ድረስ ክፍት መሆኑ ለከተማው ሰው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ተቋሙ በዚህ አሠራር በዋናነት ለዐውደ ርእዩ ተብሎ የሚታተም አዲስ ሕትመት እንጂ ውድ የጥንት ሕትመት በብዛት መበደር ይከብደዋል። የመክፈቻ ሰዓት የገበያ ውሳኔ ብቻ ይመስላል፤ ምን ማሳየት እንደምትችሉም የሚወስነው እሱ ነው።

በእናንተ ቤት ደግሞ ይህን ሞክሩ። የብርሃን መለኪያ ገዝታችሁ ቀትር ላይ ከመስኮቱ አጠገብ ያለ ግድግዳ ላይ ያዙት። ቀጥታ ፀሐይ ሳይነካው እንኳ 1,000 ሉክስ ብታገኙ አይግረማችሁ። በዚያ ልክ 15,000ው በ15 ሰዓት ያልቃል፤ ሁለት የሥራ ቀን ነው። ከተማችሁ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌቱም ከቆላው ይበረታል። በረንዳው ሲሠራ ቀጥታ ፀሐይን ለመከልከል ነበር፤ ስለዚህ በመስታወት አትዝጉት። ከበረንዳው ጀርባ ያሉትን መስኮቶች አልትራቫዮሌት በሚያጣራ ላስቲክና በወፍራም ነጭ መጋረጃ ሸፍኑ፤ መብራቱን በኤልኢዲ አድርጉ፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ጨምሩበት። ሰው ዓይኑ ጨለማውን እንዲለምድ መግቢያው ክፍል በ150፣ ቀጣዩ በ100፣ ዋናው በ50 ሉክስ ይሁን። ከውጭ ፀሐይ በቀጥታ 50 ሉክስ ክፍል የገባ ተመልካች ምንም አይታየኝም ብሎ ያማርራል፤ እውነቱን ነው።

እርጥበትን በሚመለከት የኒው ዮርኩ ችግርና የእናንተው ተቃራኒ ናቸው። ለፎቶ የሚመቸው አንጻራዊ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ60 በላይ ሲያልፍ ምስሉን የያዘው የፎቶው ስስ የጄላቲን ሽፋን ይለሰልሳል፤ ከመስታወት ጋር የተነካካ ሕትመት ተጣብቆ አይላቀቅም። 70ን አልፎ ከቆየ ሻጋታ ነው። ከ30 በታች ሲወርድ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ገጹ ይሰነጣጠቃል። በኒው ዮርክ ክረምት ማሞቂያ የበራበት ክፍል ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ እርጥበት ጨምሩበት ሲባል ደግሞ አሮጌው ግድግዳ ይጎዳል። 21 ዲግሪ የሞቀ ክፍል 45 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ከ8.5 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ላይ ጤዛ ይይዛል። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን የነጠላ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ወደ 6 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ላብ ይወርደዋል። ወደ 35 በመቶ ቢወርድ ጤዛው የሚይዘው በ5 ዲግሪ ስለሆነ መስኮቱ ይድናል። ለእንዲህ ያለ ቤት የፎቶ ሥራ የሚያበድር ተቋም ከ45 እስከ 50 በመቶ ሲጠይቅ፣ ቤቱ ከ35 በላይ አልችልም ይላል፤ ድርድሩ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው።

የእናንተ ጭንቀት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ማሞቂያ የሌለው የድንጋይ ምድር ቤት በክረምት 75 በመቶ ቢደርስ የሚጠበቅ ነው። እርጥበት መጣጭ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ርካሹን መንገድ እወቁት፦ 16 ዲግሪና 75 በመቶ ያለውን አየር ውሃ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ወደ 20 ዲግሪ ብታሞቁት እርጥበቱ 58 በመቶ ይሆናል። በእርጥበት መለኪያ የሚበራና የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ዘይት ማሞቂያ ለአንድ ክፍል ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ራሱ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ እርጥበት እየመጠጠና እየመለሰ ለውጡን ያዘገየዋል። ይህ የሚሆነው ግን ግድግዳው መተንፈስ ሲችል ነው። የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ የለሰነ ግንበኛ ውሃውን በውስጥ ቆልፎ ይተወዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ልስኑ ኖራ ወይም ጭድ ያለው ጭቃ ይሁን። ከዚህ በፊት በሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል ካገኛችሁ ፎቶ አትስቀሉበት። ሥራው ያለበትን ተነቃይ ግድግዳ ከውጭኛው ግድግዳ አምስት ሳንቲሜትር አርቃችሁ አቁሙ።

ቀለም ስትመርጡ ዘይት ቀለም ፎቶ ባለበት ክፍል አይግባ፤ ለበርና ለመስኮትም ቢሆን። ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ያለውን ብር ይበላዋል፤ ከወራት በኋላ ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ አይመለስም። ፕላስቲክ ቀለም ተጠቀሙ፤ እሱም ቢሆን ከተቀባ በኋላ ክፍሉ ሦስት ሳምንት ተከፍቶ ይናፈስ። ቺፑድ ከሙጫው የሚወጣው ጋዝ ስለሚጎዳ ለፎቶ መደርደሪያና ለተዘጋ ማሳያ ሣጥን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ከችግሩ ግማሹን የሚያቃልል ውሳኔ አለ፤ ዋናውን ሕትመት ቤቱ ውስጥ አለመስቀል። ሐረር ያለው የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። የሕንድ ነጋዴ ያሠራው የእንጨት ቤት ነው፤ በላይኛው ፎቅ ባለቀለም መስታወት መስኮቶች አሉት። ግድግዳው ላይ የምታዩት የጥንቷ ሐረር ፎቶ ተባዝቶና ጎልቶ የታተመ ነው። ብርሃን ቢያደበዝዘው እንደገና ይታተማል። እናንተም የድሮ ፎቶ ከቤተሰብ ስትሰበስቡ ዋናውን በኢንች በ600 ነጥብ ጥራት ስካን አድርጋችሁ፣ ከፖስት ካርድ የሚያንስ ከሆነ በ1,200፣ ለባለቤቱ መልሱ፤ ወይም አሲድ በሌለው ፖስታ ለየብቻ አድርጋችሁ ከውጭ ግድግዳ ጋር በማይዋሰን፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል አስቀምጡ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ከስካኑ በሚሟሟ ቀለም (ዳይ) ሳይሆን በፒግመንት፣ ማለትም በማይሟሟ የደቀቀ ዱቄት በተሠራ ቀለም፣ የታተመው ይሁን፤ ባጭሩ ፒግመንት ያለው ማተሚያ የሚጠቀም ቤት ፈልጉ። በሥሩ ያለው ጽሑፍ ቅጂ መሆኑን በግልጽ ይንገር። ዋናውን ማሳየት ስትፈልጉ አንድ ትንሽ ጨለማ ክፍል ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ከአሥር የማይበልጥ፣ በየስድስት ሳምንቱ የሚለወጥ።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ይጠይቃል። ከተማው በራሱ ዝርዝር ይዞት እንደሆነም ክፍለ ከተማውን ጠይቁ። ማመልከቻው ላይ «እድሳት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ፣ የተተከለው ነገር እንዴት ተነቅሎ ቤቱ ወደነበረበት እንደሚመለስ በሥዕልና በፎቶ አሳዩ። የሚነቀል ሥራ ፈቃድ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የኪራይ ውሉን በጠበቃ አስነብቡ፤ እኔ የምላችሁ የሙዚየሙን ጎን ነው። ለቤቱ የምታወጡት ወጪ በስንት ዓመት እንደሚመለስ አስሉና ውሉ ከዚያ አይጠር። አምስት ዓመት ውል ይዞ የአሥር ዓመት እድሳት ማድረግ ለአከራዩ ስጦታ መስጠት ነው። ጣሪያውንና መሠረቱን የሚያድሰው ማን ነው? በአሮጌ ቤት ይህ ትልቁ ወጪ ስለሆነ አከራዩ ላይ ይሁን፤ ካልተስማማ ከኪራዩ ላይ ይቀነስ። በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በወረርሽኝ ቤቱ ቢዘጋ ኪራዩ እንዴት እንደሚሆን አንድ አንቀጽ ይኑር፤ ኒው ዮርክ ላይ የሆነው በሦስተኛው ወር ነው የሆነው። ባለቤቱ ቢሸጠው ውሉ ከአዲሱ ገዢ ጋር እንደሚቀጥልም ይጻፍ። ገቢያችሁን ስትገምቱ ደግሞ ዐውደ ርእይ ሲለወጥ የሚዘጋበትን ጊዜ አትርሱ፤ ሥራ ማውረድ፣ ግድግዳ መጠገን፣ መቀባት፣ ማናፈስና መስቀል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። በዓመት ሦስት ጊዜ ከለወጣችሁ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ነው። ላይኛውንና ታችኛውን ፎቅ በተለያየ ጊዜ ለውጡ፤ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ካፌ ይኑር አይኑር ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይኑር እላለሁ፤ ግን ግቢው ውስጥ እንጂ ቤቱ ውስጥ አይሁን። እንፋሎቱ፣ ከሰሉና የቅባት ሽታው ለፎቶም ለአሮጌ እንጨትም አይበጅም፤ ክፍል ደግሞ ላይተርፋችሁ ይችላል።

የመጀመሪያው ግዢያችሁ ግን ሁለት ትናንሽ የእርጥበትና የሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ይበቃል። አንዱን ምድር ቤት በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ፣ ሌላውን ላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሥር አስቀምጡና ከሰኔ እስከ ጥር ይቆዩ። ያ መዝገብ የማሞቂያውንም፣ የሽፋኑንም፣ የትኛው ክፍል ለዋና ሕትመት እንደሚሆንም ይወስንላችኋል፤ ሥራ የሚያበድራችሁ ተቋምም አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አከራዩ እስከ ጥር አልጠብቅም ካለ የአንድ ዓመት ውል ተዋዋሉ፤ ኪራዩ አሁኑኑ የተቆረጠ የዘጠኝ ዓመት ማራዘሚያ መብት ይኑረው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጂዎች ብቻ አሳዩ።